በአንድ እፍኝ ዳጉሳ የተገዛው ወንድሜ

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። መሥሪያ ቤታችን በቅርብ የተቀጠረች አንዲት ባለሙያ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ከየወረዳው የመጡ ሠንጠረዦችን ታስተካክላለች። የአንዱ ወረዳ አምድ «የቤተሰብ ብዛት» ይላል፣ የሌላው «ቤተሰብ» ብቻ፣ የሦስተኛው ምን ለማለት እንደፈለገ የጻፈውም ሰው የሚያውቅ አይመስልም። ልጅቷ በስታትስቲክስ ፕሮግራሙ አንድ መስመር ጻፈችና አንድ ቁልፍ ነካች። የዚያ ሁሉ ሠንጠረዥ የአምድ ስም በአንድ ጊዜ ተቀየረ። «ይኸው እትዬ የውብዳር፣ አለቀ» አለችኝ። ጎበዝ ናት፤ እሷን አይደለም የምወቅሰው። እኔ ግን ብድግ ብዬ ወጣሁና ከግቢው ግንብ ተጠግቼ አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ በሥራ ሰዓት ማልቀስ ያሳፍራል፣ ግን አለቀስኩ።

ያስለቀሰኝን ነገር ከዳር እስከ ዳር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጊዜ ካላችሁ ለእናንተ ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፣ ደስ የሚልም አይደለም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበትና ገበያ የሄደ ጎረምሳ ታፍሶ የሚቀርበት ጊዜ። እኔ ቡሬ ትምህርቴን ጨርሼ ፍኖተ ሰላም የእርሻ መረጃ የሚሰበስብ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጥሬአለሁ። ደመወዝ በወጣ ቁጥር ለጫማ የምሮጥ፣ ገጠር መወለዴን የሚያስታውሰኝ ሰው ሲመጣ ፊቴን የማዞር ዓይነት ልጅ ነበርኩ። የጽሕፈት መኪናዬ ላይ «ነ» የምትለዋ ፊደል ተጣማ ከመስመሩ ከፍ ብላ ትመታ ነበር። በዚህ የተነሣ የእኔ ጽሑፍ የትም ቢሄድ ይታወቃል።

አለቃዬ ጋሼ ሞላ ይባላሉ። በጥርም በሐምሌም የማይለያቸው ካፖርት ነበራቸው። ንግግራቸው ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ውኃ ሲጠማቸው «ዛሬ ፀሐዩ ከረር አለ» ይላሉ እንጂ «ውኃ አምጪልኝ» አይሉም። ያን ጊዜ ይህ ጠባያቸው ያናድደኝ ነበር።

እናቴ አትጠገብ ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነበር የምትኖረው። የአገው ዘር ናት፤ ምሥጢር ሲሆን አገውኛዋን ትመዛለች። ከእኔ በኋላ ከወለደቻቸው ሦስት ወንዶች አንዱም ለክርስትና አልደረሰም፤ ከአርባ ቀን በፊት እየነጠቋት ይሄዱ ነበር። የመጨረሻውን ስትወልድ ጊዜ አላጠፋችም። በተወለደበት ዕለት በጨርቅ ጠቅልላ በጓሮ በኩል አወጣችውና ጎረቤታችንን እመት የሺን ጠራቻቸው። እመት የሺ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። «ሰው ጥሎት የሄደ ልጅ አግኝቻለሁ፣ ትገዥዋለሽ ወይ?» አለቻቸው በአገውኛ። እመት የሺ አንድ እፍኝ ዳጉሳ ከፍለው ገዙት። ዳጉሳው አይበላም ተብሎ ለዶሮ ተበተነ። ስሙንም እንግዳው አሉት።

ከዚያ ወዲያ ልጁ የሚጠባው የእናቴን ጡት፣ የሚያድረው እኛ ቤት ነው፤ ግን የእኛ አይደለም። «እማ» የሚለው እመት የሺን ነው። የወለደችውን «አትጠገብ» ብሎ በስሟ ይጠራታል። አባታችን ሲሞት እንኳ ለቅሶ የደረሰው ሁሉ ልጁን «የጎረቤት ልጅ፣ እግዜር ያጽናህ» ነው ያለው። ሰው «ልጅሽ አደገ» ካላት እናቴ ቶሎ ብላ «የሰው ነው፣ ተጠግቶ ነው የሚኖረው» ትላለች። ሞት ሲመጣ የሚፈልገው የአትጠገብን ልጅ ነው፤ የአትጠገብ ወንድ ልጅ ደግሞ የለም። መንደሩ ሁሉ እውነቱን ያውቃል፣ መንደሩ ሁሉ አብሮ ይደብቃል። እኔ ፊደል ቆጥሬአለሁ ባይዋ እስቅባት ነበር። እንግዳው ግን አደገ። የበሩን መቃን ጎንበስ ሳይል የማያልፍ፣ ሰው ሲያነጋግረው የሚያፍር ደህና ገበሬ ወጣው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ከአስተዳደር ትእዛዝ መጣ። ባለፈው መኸር ቆጣሪዎቻችን ከየገበሬ ማኅበሩ የሰበሰቧቸው ሠንጠረዦች ሁሉ አንድ አምዳቸው ስሙ እንዲቀየር ይላል። ከዳር ያለው አምድ «ተጠግቶ የሚኖር» ይል ነበር። አሁን «ከቤተሰብ ኃላፊነት ነጻ የሆነ» እንዲል፤ ሌላው አይነካ። ሥራው ቀላል ነው። አዲሱን ስም ደጋግሜ በመኪና እመታለሁ፣ በምላጭ እየቆረጥኩ በአሮጌው ላይ እለጥፋለሁ። ለአስተዳደሩ ቅጂም የሚሆነውን ቁራጭ አብሬ መትቼ በጠዋቱ ሰጠሁ። የቢሮ ሙጫ ስላለቀ ከስንዴ ዱቄት አፍልቼ ነበር የምሠራው፤ ክፍሉ ሁሉ የገንፎ ሽታ ሸተተ።

ስለዚህ አምድ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጅ ሲሆን ቁጥሩ ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ይህን ያህል። ተጠግቶ የሚኖር ሰው ግን ነገ ሌላ ቤት ሄዶ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ተብሎ ስሙ ይጻፍ ነበር። ለቆጠራ ጥሩ ዘዴ ነው። ዘዴውን ያወጣው ሰው ክፉ ሐሳብ እንዳልነበረው አምናለሁ።

የሽንዲን ለጠፍኩ፣ የፈረስ ቤትን ለጠፍኩ፣ የማንኩሳን ጨርሼ ወደ ቡሬ ገባሁ። እያንጎራጎርኩ ነበር። ከአንዱ ገጽ ላይ «አትጠገብ አለኸኝ፣ እማወራ» የሚል አየሁ። መሬቷ፣ በሬዋ፣ ከዳር ባለው አምድ ደግሞ «እንግዳው»። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እናቴ ሞትን አታልላ አልበቃ ብሏት መንግሥትንም አታለለች አልኩ። ቁራጯን ለጠፍኩና በአውራ ጣቴ ዳመጥኳት። ከዚያ የአምዱን አዲስ ስምና ከሥሩ ያለውን የወንድሜን ስም አያይዤ አነበብኩ። ይህ ለውትድርና እንዳይሆን ፈራሁ።

ይዤው ወደ ጋሼ ሞላ ገባሁ። ይህ አምድ ለምንድን ነው የተፈለገው ብዬ ጠየቅኋቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። ቡሬ በኩል ዘመድ እንዳለኝ ጠየቁኝ። እናቴና ወንድሜ አልኩ፤ ወንድሜ የትኛው እንደሆነ በጣቴ አሳየኋቸው። ታሪኩንም በአጭሩ ነገርኳቸው። ይህን ብንሰርዘውስ ስላቸው አስተዳደር የገባው ቅጂ እንዳለ ነገሩኝ። ከዚያ ካፖርታቸውን ሰብስበው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«የውብዳር፣ ራስሽን ያመመሽ ይመስለኛል» አሉ።

«ደህና ነኝ ጋሼ።»

«የለም፣ አሞሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ይህ ሕመም ዛሬ ካልታከመ ነገ የሚድን አይመስለኝም። የባልቴት አንድያ ወንድ ልጅ ይታለፋል የሚል መመሪያ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ መቼም ብዙ ነገር ነው የምሰማው።»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ዛሬውኑ አገርሽ ሂጂ እያሉኝ ነው። አመስግኜአቸው እንኳ አልወጣሁም።

እህል ጭኖ ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ማንኩሳ ላይ ቆሞ ምሳውን ሲበላ ጊዜውን በላው፤ እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ተራገምኩት። ቡሬ ወርጄ በእግሬ መንደራችን ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የዳጉሳ አጨዳ ሰሞን ነው። እናቴ ከአውድማው ላይ ታነፍሳለች፣ እንግዳው ይሰበስባል፣ እመት የሺ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው አመራር ይሰጣሉ። በከተማ ጫማዬ አውድማው ውስጥ ስገባ ሦስቱም ያለ ቀኔ የመጣሁት ለመርዶ እንደሆነ ጠረጠሩ።

ነገርኳቸው። እንግዳው ጎንበስ ብሎ እግሩን ነው የሚያየው። ወደ ወንበርማ ቆላ ወርደህ ሰንብት ብዬ ለመንኩት። የሸሸ ልጅ እናት ትታሰራለች፣ በሬዋ ይወሰዳል፤ ባለፈው ዓመት በሌላ ቤት አይተነዋል አለኝ። ቀጥሎ የትኛዋን እናት እንደሚያስሩ ራሱ ጠየቀና ትንሽ ፈገግ አለ። ወንድሜን ሲቀልድ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወደ እናቴ ዞርኩ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዘንድ ሄደሽ ልጄ ነው በይ አልኳት።

«አልልም» አለች።

«እማ፣ ይወስዱታል።»

«አንች ልጅ፣ ቀስ በይ። እሱን ቃል ካወጣሁትማ ወታደር ምን ያደርጋል፣ የሚወስደው ሌላ ነው። ሦስቱን ምን እንደበላቸው እኔ አውቃለሁ። ልጄ ልጄ ስል ነው የበላቸው።»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ፊቷን ሳየው ግን አቃተኝ። የምትፈራው ከልቧ ነው። ሁለቱ ሴቶች ፈንጠር ብለው በአገውኛ ሲመክሩ ቆዩ። ተመልሰው የወሰኑትን ነገሩኝ፤ እመት የሺ «የኔ ነው» ይበሉ። ባልቴት ናቸው፣ ሌላ ልጅ የላቸውም፣ ደግሞም ገዝተውታል። ከመመሪያው ጋር ልክክ ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አለኝ። እናቴ አታላይ ነበረች ብዬ የሳቅሁበት ነገር ሊያድነን ነው አልኩ።

ንጋት ላይ ታጣቂዎች መጥተው እንግዳውን ወሰዱት፤ እኛም ተከትለን ቡሬ ገባን። አንድ የእህል መጋዘን ግቢ ውስጥ ከየመንደሩ የመጡ ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ለቅሶ የለም፣ ጩኸት የለም። ዘመድ አዝማዱ በአጥሩ ዙሪያ ቆሟል። አንድ ካድሬ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል፣ ከጎኑ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ዳምጤ ቆመዋል። አቶ ዳምጤ በእንግዳው ክርስትና ላይ ጠላ የጠጡ ሰው ናቸው። ካድሬው ፊት የተዘረጋውን ሠንጠረዥ ከሩቅ አወቅሁት። ከዳር ባለው አምድ አናት ላይ የተለጠፈችው ቁራጭ ላይ «ነጻ» ከሚለው ቃል «ነ» ከመስመሩ ከፍ ብላ ቆማለች።

የእንግዳው ስም ሲጠራ እመት የሺ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደፊት ሄዱ። ልጄ ነው፣ ሌላ የለኝም፣ ባሌም ሞቷል አሉ። ድምፃቸው ደህና ነበር። ካድሬው በጨዋ ደንብ ተቀበላቸው፤ ስማቸውን ጠይቆ ሠንጠረዡ ላይ ፈለጋቸው። አገኛቸው። በእሳቸው መስመር ላይ ሰው አልተጻፈም። ቆጣሪው ከእርስዎ ጋር የሚያድር ማን ነው ብሎ ሲጠይቃቸው ብቻዬን ነኝ ብለው ነበር፤ እውነትም ብቻቸውን ነበር የሚያድሩት።

ካድሬው ወደ አቶ ዳምጤ ዞረ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ልጅ የማን ነው?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። አቶ ዳምጤ አንገታቸውን ደፉ። ከማኅበሩ የሚፈለገው ሰው ቁጥር አለ፤ አንዱ ቢጎድል የሚተካው የወንድማቸው ልጅ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማነው። «ወረቀቱ እንዳለው ነው ጓድ» አሉ።

ካድሬው እስክሪብቶውን አነሣ። ያኔ እናቴ ከጎኔ ተነሥታ ስትሄድ አየሁ። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። ሙሉ ዕድሜውን ያላለችውን ቃል በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አለችው።

«የኔ ነው። እኔ ወልጀዋለሁ። ልጄ ነው።»

የእኛ መንደር ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ ሲያማትቡ አየሁ። እንግዳው መሬት ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አያት። ያን ፊት ልነግራችሁ አልችልም። ደስታ ነበረበት። በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ቦታ፣ ደስ ብሎት ነበር።

ካድሬው ሁለቱን ሴቶች አፈራርቆ አየና የተታለለ መሰለው። ቅድም አንዷ አሁን ሌላዋ ትላላችሁ አለ። «ሁለት እናት ያለው ሰው እናት የለውም ማለት ነው።»

እኔ ሮጬ ጠረጴዛው ዘንድ ደረስኩ። የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን አሳይቼ ሰዎቹ ሲጠየቁ የአምዱ ስም ሌላ ነበር፣ የተጠየቁት ይህን አይደለም አልኩት። አልተቆጣኝም። ቁራጭዋን በጣቱ እየነካ፣ ይህን የለጠፈው የእናንተው መሥሪያ ቤት አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ የወንድሜ ስም ላይ ምልክት አደረገ። ከኋላዬ አንድ ቄስ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ «ሰሎሞን ቢኖር ለሁለቱም በሰጣቸው ነበር» ሲሉ ሰማሁ።

ልጆቹን መኪናው ላይ ሲያወጧቸው አጥሩ ድረስ ተጠጋን። እንግዳው ከላይ ሆኖ ፈለገንና «እማ» አለ። ሁለቱም ሴቶች አንድ ላይ «አቤት» አሉ። የትኛዋን እንደጠራ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌላ ነገር ሳይናገር መኪናው ተነሣ።

ወደ ሰሜን ሄደ። አብሮት የዘመተ አንድ የማንኩሳ ሰው ቆይቶ እግሩን ቆስሎ ተመለሰና እስከ አንድ ቦታ አብረን ነበርን፣ ከዚያ ተለያየን አለ። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በቡሬ መንገድ በእግሩ ሲያልፍ እናቴና እመት የሺ ከመንገድ ዳር ተቀምጠው የእያንዳንዱን ፊት አዩ። እሱ አልነበረበትም። መርዶም አልመጣም።

እናቴ አንድ ቀን እንኳ መንግሥትን ስትረግም፣ ካድሬውን ስትረግም፣ አቶ ዳምጤን ስትረግም አልሰማሁም። የረገመችው አፏን ነው። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ትላለች። ወረቀቱ ነው የወሰደው ብዬ ብዙ ጊዜ ላስረዳት ሞከርኩ። ምን ብዬ ላስረዳት? የፈራችው ቃል ከአፏ ሲወጣ ልጁም አብሮ ወጥቷል፤ ይህን በዓይኗ አይታለች። መኪናው በሄደ ማግስት እመት የሺ ዘንድ ሄዳ ልጁን መልሳ ሸጠችላቸው። እመት የሺም አንድ እፍኝ ዳጉሳ ዘግነው ሰጧት፤ ከዚያው እሱ ካጨደው ነው። ምናልባት ይሠራ ይሆናል ብለው ነው። ለቅሶ እንቀመጥ ሲባሉ ሁለቱም እምቢ አሉ። እናቴ የኔ አይደለም አለች፣ እመት የሺ ልጄ አልሞተም አሉ።

ዓመታት አልፈው እመት የሺ ሞቱ። ቀብራቸው ባለፈ በሳምንቱ እናቴ በማታውቀው አውቶቡስ ተሳፍራ ፍኖተ ሰላም እኔ ቤት መጣች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ነው የጀመረችው። «የሺ ስታልፍ ልጁ ሜዳ ላይ ቀረ። ባለቤት የለውም። አንች ግዥው» አለችኝ።

በዚያ ጊዜ እኔ በስታትስቲክስ ሠልጥኜ፣ ባለሙያ ተብዬ፣ ሰው ሲበዛና ሲያንስ በመቶኛ የማወራ ሰው ነኝ። ቤቴ ዳጉሳ አልነበረም። ጤፍ ቢሆንስ ስላት በምን እንደተገዛ ረሳሽው ወይ ብላ ተቆጣችኝ። ገበያ ወርጄ ገዛሁ። አንድ እፍኝ ሙሉ ዘገንኩላት፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፣ አገሯ ስትመለስ ለዶሮ በተነችው። ያን ዕለት ያለቀስነውን ያህል ተቃቅፈን አልቅሰን አናውቅም። አሁን እሷም የለችም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር እኔን ምን አደረገኝ ካላችሁኝ፣ ደፋር አላደረገኝም። የሥራዬን ዓይን ነው የቀየረው። ከዚያ ወዲህ የአምድ ስም እንድለውጥ በታዘዝኩ ቁጥር አሮጌውን ስም ከጎኑ ሳላስቀምጥ አልፌ አላውቅም፤ አለቆቼ ግትር ይሉኝ ነበር። ሰው የሚመልሰው ለተጠየቀው ነው። እናቴ የተጠየቀችው «ተጠግቶ የሚኖር አለ ወይ» ተብላ ነው፤ አለ አለች። መልሱን ከሥሩ ትታችሁ ጥያቄውን ከላይ ብትቀይሩት፣ ሰውየው ያላለውን ብሏል። በሙጫ ሆነ በአንድ መስመር ትእዛዝ ያው ነው። ይህን ለዚያች ጎበዝ ልጅ በማግስቱ ነገርኳት። ሰማችኝና የድሮዎቹን ስሞች መልሳ ከጎናቸው አስገባቻቸው።

በቅርቡ ደግሞ አንዲት ቆጣሪ በሬን አንኳኳች። ታብሌት ይዛለች፣ ትሕትናዋ ደስ ይላል። አግብቼ እንደማላውቅ ነገርኳት። ልጅ አለዎት ወይ አለችኝ።

«አንድ አለኝ» አልኳት።

«አብሮዎት ነው የሚኖረው?»

«አሁን ቤት የለም።»

መቼ እንደሚመለስ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ጣቷ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ አንዱን ነካችና ቀጠለች። ከየትኛው አምድ እንዳስገባችው አልጠየቅኋትም።